ደቡብ አፍሪካ ምን ዓይነት አገር ናት? መንገድ ላሰቡ ወገኖች የቀረበ

ኢስትሊ፣ ናይሮቢ፦ ከሰሞኑ እዚህ ኢስትሊ፣ ከጁጃ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የሐበሻ ሻይ ቤት፣ ከካኩማ የመጣ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዕድሜው ከ20 ብዙም አያልፍም። ሻንጣ የለውም፤ አንድ ፌስታል ብቻ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ወሬ ስንጀማመር «ጋሼ፣ ሐሙስ እንነሳለን» አለኝ። «ወዴት?» ብለው «ሳውዝ» አለ። ደቡብ አፍሪካ ማለቱ ነው።

ለጨዋታ ያህል «ዋና ከተማዋ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጆበርግ ነዋ!» አለና ሳቀ። ማዶ የተቀመጠው ጓደኛው «ኧረ ኬፕታውን ነው» ብሎ ተከራከረው። የመጀመሪያው ተሳስቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሲሶውን ብቻ ነው ያገኘው።

ይህን የማነሳው ልጆቹን ለመንቀፍ አይደለም። ደላላው ስለ አገሪቱ የነገራቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ካምፕ የለም፣ ሥራ አለ።» ይህ አባባል ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ሰውን ያሳስታል። በዛሬው ዝግጅታችን ቀሪውን ግማሽ ለአንባብያን እናቀርባለን። ሂዱም አትሂዱም አንልም፤ ውሳኔው የራሳችሁ ነው። ሲወሰን ግን ታውቆ ይሁን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አገሪቱ ባጭሩ

ደቡብ አፍሪካ በአህጉራችን ደቡባዊ ጫፍ ትገኛለች። ስፋቷ 1.2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከኢትዮጵያ በመጠኑ ትበልጣለች። በሰሜን ከናሚቢያ፣ ከቦትስዋናና ከዚምባብዌ፣ በምሥራቅ ከሞዛምቢክና ከኢስዋቲኒ ጋር ትዋሰናለች። ሌሶቶ የምትባለው ትንሽ አገር ደግሞ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ ተከብባ መሐል ላይ ተቀምጣለች። በ2022 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት 62 ሚሊዮን ሆኗል። አገሪቱ በ9 ክፍለ ሀገሮች ተከፍላለች።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስና፣ ዋና ከተማዋ አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። የመንግሥት አስተዳደሩ ፕሪቶሪያ፣ ፓርላማው ኬፕታውን፣ የይግባኝ ሰሚው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ብሎምፎንቴን ይገኛል። ጆሃንስበርግ ትልቋ ከተማና የንግዱ ማዕከል ናት እንጂ ዋና ከተማ አይደለችም። ለስደተኛ ይህ ተራ የጂኦግራፊ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ጆበርግ የሚኖር ሰው ወረቀት ፍለጋ የሚሄደው ፕሪቶሪያ ነው።

በሕግ የታወቁት ቋንቋዎች 12 ናቸው። የመጨረሻው በ2023 የተጨመረው የምልክት ቋንቋ ነው። በየቤቱ በብዛት የሚነገረው ዙሉ ሲሆን፣ ቢሮና ሱቅ ውስጥ እንግሊዝኛ ያግባባል። ካኩማና ዳዳብ የተማርነው ስዋሂሊ ታንዛኒያ ላይ ይጠቅማል፤ ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ ግን አያገለግልም። በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና»፣ ምስጋና «ንጊያቦንጋ» ነው። በሶቶና በትስዋና ደግሞ ሰላምታው «ዱሜላ» ይባላል። ይህችን ታህል ማወቅ ከደንበኛም ከጎረቤትም ጋር ያቀራርባል።

የጆሃንስበርግ ከፍታ እንደ ናይሮቢ ነው፤ ከ1,700 ሜትር በላይ። ወቅቱ ግን ከኛ ይለያል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የደረቅ ብርድ ወራት ናቸው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከካኩማ ሙቀት ተነስቶ በእነዚህ ወራት በአንድ ሸሚዝ የሚገባ ሰው ይቸገራል። ሰዓታቸው ከናይሮቢ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ገንዘባቸው ራንድ ሲሆን፣ ከ2012 ጀምሮ በብር ኖቱ ላይ ያለው ፊት የኔልሰን ማንዴላ ነው።

ይለፍ ወረቀት የምታውቅ አገር

ጆሃንስበርግን የቆረቆራት ወርቅ ነው። በ1886 ወርቅ ሲገኝ ከአካባቢው አገሮች ሁሉ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከማላዊ፣ ከሌሶቶ፣ ሠራተኛ ወደ ማዕድኑ ጎረፈ። ስለዚህ ወደዚያች አገር ለሥራ መሄድ የዛሬ ነገር አይደለም።

በ1948 ሥልጣን የያዘው የነጮች መንግሥት አፓርታይድ የተባለውን የዘር መለያየት ሥርዓት በሕግ አጸና። ጥቁሩ ሕዝብ በገዛ አገሩ ከተማ ውስጥ ለመንቀሳቀስ «ዶምፓስ» የሚሉትን የይለፍ ደብተር መያዝ ነበረበት። ሙቭመንት ፓስ ይዞ ከካምፕ የሚወጣ ስደተኛ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ይህንኑ ደብተር ተቃውመው የወጡ 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የይለፍ ሕጉ የተሻረው በ1986 ነው። ሁሉም ሕዝብ እኩል የመረጠበት የመጀመሪያ ምርጫ የተካሄደው ኤፕሪል 27 ቀን 1994 ነው።

በዚህ ትግል ውስጥ የኛም አገር ድርሻ አላት። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በኮልፌ የጦር ትምህርት ተምሯል። ያኔ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ነበር የሚንቀሳቀሰው። እንግዲህ እሱም በሰው አገር፣ በሌላ ስም የተጓዘበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው። ታንዛኒያና ዛምቢያም ለብዙ ዓመታት የደቡብ አፍሪካን ስደተኞች አስጠግተዋል። አንዳንዱ ወገናችን ይህን እያነሳ «ውለታ አለብን ይላሉ፣ ይቀበሉናል» ይላል። ትልልቆቹ መሪዎች ይህን በንግግራቸው ያነሱት ይሆናል፤ ሥራ አጥቶ መንገድ ዳር የቆመው የሰፈር ልጅ ግን የ1962ን ውለታ አያስብም። ከሱ ጋር ነው የምትኖሩት።

«ካምፕ የለም» ሲባል

እውነት ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የስደተኛ ካምፕ የለም። በ1998 የወጣውና በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የስደተኞች ሕግ ስደተኛው በከተማ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ እንዲኖር አድርጓል። ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ወረቀት ያለው ሰው ከከተማ ከተማ ያለ ይለፍ ይሄዳል። ዓመታት በአጥር ውስጥ ላሳለፈ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ካምፕ ከሌለ ራሽንም የለም። የውሃ ቦኖ፣ ነጻ መጠለያ፣ በብሎክ የሚመጣ ማኅበራዊ ሠራተኛ የለም። ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ኪራይ ይከፈላል፤ ምግብ ይገዛል። ዘመድ የሌለው ሰው የሚወድቅበት የለውም። ሥራውም ቢሆን በደላላው አፍ እንደሚነገረው አይደለም። በአገሪቱ ሥራ ፈልጎ ያጣው ሰው ከሦስቱ አንዱ ገደማ ነው፤ በወጣቱ ዘንድ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። የራሳቸው ልጅ ያላገኘውን ሥራ ማንም ለእንግዳ አስቀምጦ አይጠብቅም።

የወረቀት ነገር

ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በድንበር ኬላ ላይ ይህንኑ ተናግሮ የ5 ቀን መሸጋገሪያ ወረቀት ይቀበልና ወደ ስደተኛ መቀበያ ቢሮ እንዲሄድ ይጠበቃል። ቢሮዎቹ ያሉት በሙሲና፣ በፕሪቶሪያ፣ በደርባን፣ ቀድሞ ፖርት ኤልዛቤት ትባል በነበረችው በግኬቤርሃ እና በኬፕታውን ነው። የጆሃንስበርጉ ቢሮ በ2011 ተዘግቷል። ጉዳዩ እስኪታይ የሚሰጠው ወረቀት በሕጉ አንቀጽ 22 የሚባለው ሲሆን፣ ስደተኛነቱ ሲታወቅለት ደግሞ አንቀጽ 24 ይባላል። አንቀጽ 22 በየጊዜው መታደስ አለበት። በዚህ ወረቀት ብቻ እያደሱ ዓመታት የቆጠሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ከሕግ ውጭ ነው።

ይህ ሕግ እየጠበቀ መጥቷል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ጥገኝነት ጠያቂው እንደ ቀድሞው ወዲያው የመሥራት መብት አያገኝም። በ2024 ደግሞ መንግሥት የስደተኛ ሕጎቹን ከሥር ለመለወጥ ያሰበበትን የፖሊሲ ሰነድ አውጥቷል። በሌላ በኩል ፍርድ ቤቶች ስደተኛውን የሚጠብቁበት ጊዜም አለ። በዲሴምበር 2023 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት፣ ወረቀቱን በጊዜው ያላሳደሰ ሰው ጉዳዩን እንደተወ የሚቆጥረውን ድንጋጌ ሽሮታል።

በተለይ እኛ እዚህ ኬንያ ያለን ልናስተውለው የሚገባ ነጥብ አለ። በደቡብ አፍሪካ ሕግ መሠረት በሌላ አገር ስደተኛነቱ ታውቆለት ጥበቃ የሚያገኝ ሰው እዚያ እንደገና ስደተኛ ተብሎ አይቀበሉትም። ማለትም ካኩማ ወይም ዳዳብ ማንዴት የተሰጠው ሰው፣ ያንን ወረቀት ይዞ ቢሄድ «ጥበቃ ያለህ ኬንያ ነው» ሊባል ይችላል። ደብቆ በሌላ ስም ቢያመለክት ደግሞ ውሸቱ አንድ ቀን ሲወጣ ሁለቱንም ያጣል። ደላላው ይህንን አይናገርም።

ሌላም የሚወራ ነገር አለ። «ከኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል» ይባላል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን መግባት የተፈቀደው የኬንያ ፓስፖርት ላለው ዜጋ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። «የኬንያ ፓስፖርት እናወጣልሃለን» የሚል ካለ ፎርጅድ ነው፤ መጨረሻው እስር ቤት ነው።

የኛ ሰዎች እዚያ

ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ የሚል ስም የተሰጠው፣ የኛ ሰው ግን በድሮ ስሙ «ጄፒ» የሚለው መንገድ አለ። ኢስትሊን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቀድሞ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበረ ፎቅ ሳይቀር በትንንሽ ሱቆች ተከፋፍሎ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ጫማ፣ ልብስ በጅምላ ይሸጥበታል። እንጀራ ቤቱና ቡናው እዚያው ነው። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአካባቢው የሄዱ ወገኖች በርካታ ናቸው።

አዲስ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚህ ሱቅ ባለቤትነት አይደለም። የመንገዱን ዕዳ ይዞ ነው የሚገባው። ያስመጣው ዘመድ ሱቅ ውስጥ ይቀጠራል፣ ወይም አልጋ ልብስ ተሸክሞ «ሎኬሽን» በሚሉት የድሆች ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ በዱቤ ይሸጣል። ዕዳው ሲያልቅ ነው የራሱን ሱቅ የሚያስበው። ጠንክረው ሠርተው ቤተሰብ የለወጡ፣ ወንድም እህት ያስተማሩ እንዳሉ አይካድም። ስንቶቹ ግን በሱቃቸው ውስጥ፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ እያደሩ፣ በዘራፊ ጥይት ወድቀዋል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ መዋጮ ማውጣት እዚያ ላለው ሐበሻ የተለመደ ነገር ሆኗል።

በእንግዳ ላይ የተነሳው ቁጣ

በሜይ 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳ ጥቃት 62 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል እንደ ባዕድ የተቆጠሩ የአገሩ ዜጎችም ነበሩ። በኤፕሪል 2015 በደርባንና በጆሃንስበርግ፣ በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ እንደገና ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። ከ2021 ወዲህ «ኦፕሬሽን ዱዱላ» የሚባል ቡድን ተቋቁሟል። ዱዱላ በዙሉ ገፍቶ ማስወጣት ማለት ነው። ይኸው ቡድን በ2025 የውጭ አገር ሰዎችን ከሕዝብ ክሊኒክ በር ላይ ሲመልስ ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ድርጊቱን ከልክሎታል።

የሰፈር ሱቅ የያዘም ሥጋት አለበት። በ2024 ሕፃናት በምግብ መመረዝ ከሞቱ በኋላ፣ መንግሥት በሰፈር ያሉ ትንንሽ ሱቆች በሙሉ እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ የጊዜ ገደቡም እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ተራዘመ። ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ሱቁን ማስመዝገብ አይችልም። ያልተመዘገበ ሱቅ ደግሞ በሕግም በሰፈር ሰውም ይዘጋል።

መንገዱ

ከናይሮቢ እስከ ጆሃንስበርግ በመኪና 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታንዛኒያ ይታለፋል፤ ከዚያ አንዱ መስመር በማላዊና በሞዛምቢክ፣ ሌላው በዛምቢያና በዚምባብዌ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ አዞ ያለበት የሊምፖፖ ወንዝ አለ። ደላላው «በሳምንት ትገባላችሁ» የሚለውን መንገድ፣ በየእስር ቤቱ ወራትና ዓመታት የከረሙበት ወገኖች አሉ።

የሚከተሉትን ቀኖች ማስታወስ ያስፈልጋል። በጁን 2012 በማላዊ ሐይቅ ጀልባ ሰጥሞ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን አለቁ። በዚያው ወር በታንዛኒያ ዶዶማ አቅራቢያ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ከ40 በላይ ሞቱ። በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ናቸው። በኦክቶበር 2022 በሰሜን ማላዊ ምዚምባ ውስጥ በጅምላ የተቀበሩ ኢትዮጵያውያን አስከሬኖች ተገኙ። በዲሴምበር 2022 በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ ንግዌሬሬ በሚባል ቦታ መንገድ ዳር የተጣሉ 27 አስከሬኖች ተገኙ። ልብ በሉ፣ አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት አይደለም። አየር ማጣት ነው።

መድረስም የመከራው መጨረሻ ላይሆን ይችላል። በ2025 መጀመሪያ የጆሃንስበርግ ፖሊስ ሳንድሪንግሃም በሚባል ሰፈር በአንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው የነበሩ 26 ኢትዮጵያውያንን አውጥቷል። ያስገቧቸው ሰዎች ናቸው ያገቷቸው። ቀሪ ክፍያ ካልመጣ አንለቅም የሚሉ አጋቾች አሉ፤ ስልኩ የሚደወለው አገር ቤት ላለች እናት ነው።

ከመነሳት በፊት

ሰው ለምን እንደሚነሳ አይጠፋንም። በ2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ቆመ፤ ስንት ዓመት የተጠበቀ ኬዝ እንዳለ ቀረ። በዚያው ዓመት በካኩማና በዳዳብ ራሽኑ በእጅጉ ተቀነሰ። ባዶ ሆድና ባዶ ተስፋ አብረው ሲመጡ ደላላ ብቻውን ቸር ሰው ይመስላል። እንዲያም ሆኖ ከመወሰን በፊት የሚከተሉትን ማጤን ይበጃል።

አንደኛ፣ የምትተዉትን ቁጠሩ። በምዝገባ ማጣሪያ ጊዜ ካምፕ ያልተገኘ ሰው ምዝገባው ይታገዳል፤ ራሽኑም ኬዙም አብሮ ይቆማል። ተመልሶ ማስከፈት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ከመነሳት በፊት በካምፑ ያለውን የኬንያ የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ ቢሮ ወይም ዩኤንኤችሲአርን መጠየቅ፣ የሕግ ምክር ደግሞ በነጻ ከሚሰጡት እንደ ሬፊውጂ ኮንሶርቲየም ኦፍ ኬንያ ካሉ ድርጅቶች ማግኘት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ዘመድ አለኝ የሚል ሰው ዘመዱን ራሱ በስልክ ያነጋግር። በደላላው ስልክ አይሁን። «ስንገባ የት አድራለሁ? ወረቀትህ ምን ዓይነት ነው? ሱቅህ ተመዝግቧል?» ብሎ ይጠይቅ። የተድበሰበሰ መልስ ራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋናውን ወረቀት ለማንም አሻጋሪ አትስጡ። ፎቶ ኮፒውን፣ ሙሉ ስማችሁንና የቤተሰብ ስልክ ለምታምኑት ሰው ትታችሁ ሂዱ። ሁለት ስልክ ቁጥር በቃል ያዙ፤ ሞባይሉ መጀመሪያ የሚወሰድ ነገር ነው። ልጃቸው የት እንደወደቀ ሳያውቁ ዛሬም የሚጠብቁ እናቶች አሉ።

አራተኛ፣ በዝግ ኮንቴይነር የሚያስጉዝ ሰው ጋር አትስማሙ። ገንዘብ ከተከፈለ፣ ጫካ ውስጥ ሌሊት ሩ «ግቡ» ሲባል እምቢ ማለት አይቻልም። እምቢ የሚባለው እዚህ ኢስትሊ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ነው።

ከላይ የጠቀስኩት ወጣት ይህን ሁሉ በጸጥታ ሰማኝ። በተለይ የማንዴቱን ነገር ሲሰማ ፌስታሉን ከፍቶ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀቱን አውጥቶ አየና መልሶ አስገባው። «ጋሼ፣ ይህን ማን ነገረን?» አለኝ። ልሂድ ወይም ልቅር አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ውድ አንባብያን፣ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ ሐሙስ ለመነሳት ላሰበ ልጅ ደግሞ ረቡዕ ይድረሰው።